ጥቅሱ ለልጁ ነው ወይስ ለአባቱ?

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በየመሥሪያ ቤቱ የተዘዋወረ ሰው ከጸሐፊው ጠረጴዛ በላይ፥ ከቀን መቁጠሪያው ጎን፥ አንድ የታላቅ ሰው ቃል ባማረ ጽሕፈት ተጽፎ ተሰቅሎ ያያል። ያንዱ ስለ ትዕግሥት ነው፤ ያንዱ ስለ ጊዜ ክቡርነት ነው፤ ያንዱም ስለ ልጆች አስተዳደግ ነው። ወረቀቱን የሰቀለው ሰው ቃሉን ያነበበው በሰቀለው ዕለት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚያነበው ወንበር ይዞ ተራውን የሚጠብቀው ባለጉዳይ ነው። ስለ ትዕግሥት የተጻፈውንማ ባለጉዳዩ በቃሉ ያጠናዋል።

ዛሬ ማታ ልናገር ያሰብሁት ስለ እንደዚህ ያሉ ቃላት ነው፤ ይልቁንም ልጅን ስለ ማሳደግ ስለ ተነገሩት። ጨዋታ ያለባቸው ስለ ሆኑ አድማጮቼ እንደማይሰለቹ ተስፋ አደርጋለሁ። ዳሩ ግን ከጨዋታው ሥር አንድ የማይቀለድበት ነገር አለና እርሱን አስቀድሜ ልናገር።

የኛ አገር ሰው ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እያለ ያደገ ነው። በሸንጎ፥ በሽምግልና፥ በሰርግና በለቅሶ ምሳሌ የማይጠቅስ ሰው ንግግር እንደማያውቅ ይቆጠራል። ይህ የሚያስመሰግን ልማድ ነው። ምሳሌ በሽማግሎች መካከል ሲነገር ነገርን ይከፍታል፤ ሌላው ደግሞ የራሱን ምሳሌ መዝዞ ይመልሳልና። በልጅ ላይ ሲወርድ ግን ነገርን ይዘጋል፤ ልጅ የሚመልሰው ምሳሌ የለውም፥ ቢኖረውም እንዲመልስ አይፈቀድለትም። አባት ደክሞት ማታ ከቤቱ ይገባል። ብርጭቆ ተሰብሯል፤ ወይም ደብተር ጠፍቷል፤ ወይም እኅትና ወንድም ተደባድበዋል። አባት፥ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል፤ ወይም፥ «ምከረው ምከረው፥ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ምሳሌው ሲያልቅ ነገሩም አለቀ። ብርጭቆው እንዴት እንደ ተሰበረ የጠየቀ ሰው የለም።

በብርጭቆ ጊዜ ያልተጠየቀ ልጅ ደግሞ ከብርጭቆ የበለጠ ነገር ሲደርስበት አይናገርም። በትምህርቱ ወደ ኋላ መቅረቱን አይናገርም፤ ትልልቅ ልጆች በመንገድ እየጠበቁ የዳቦ ገንዘቡን እንደሚቀሙት አይናገርም፤ የሰውነቱን ሕመም እንኳ አይናገርም። አባትየው ይህን ሁሉ የሚሰማው ከጎረቤት ወይም ከአስተማሪ ነው፤ ያውም ከዘገየ በኋላ። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ጥቅሱ የሚጠቀሰው ለማን ነው?

በዓለም ዝነኛ ሆነው የቀሩትን የታላላቅ ሰዎች ቃላት ሳገላብጥ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ስለ ልጆች ከተነገሩት ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያስቀን አባት በልጁ ላይ የተናገረው አይደለም፤ አባት በገዛ ራሱ ላይ የተናገረው ነው። ጥቂቶቹን ልንገራችሁ። ዘመኑን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ዓመት በሳላሚስ ባሕር ላይ የፋርስን መርከቦች ድል ያደረገው የአቴናው ቴሚስቶክሌስ አንድ ትንሽ ልጅ ነበረው። ልጁ እናቱን እንደ ፈለገ ያዝዛታል፤ በእናቱም በኩል አባቱን ያዝዘዋል። ፕሉታርክ የሚባለው የታሪክ ጸሐፊ እንደሚነግረን ቴሚስቶክሌስ በዚህ እየቀለደ፥ ከግሪኮች ሁሉ ኃይለኛው ይህ ልጅ ነው ይል ነበር። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፥ ግሪኮችን የሚያዝዙ የአቴና ሰዎች ናቸው፤ የአቴናን ሰዎች የማዝዝ እኔ ነኝ፤ እኔን የምታዝዘኝ ሚስቴ ናት፤ እርስዋን የሚያዝዛት ደግሞ ይህ ልጅ ነው አለ ይባላል።

የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ተዋረድ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ሚኒስትሩ ዋና ዲሬክተሩን፥ ዋና ዲሬክተሩ የክፍሉን ሹም፥ ሹሙም ጸሐፊውን ያዝዛል። ጸሐፊው የሚያዝዘው አጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እዚያም የሦስት ዓመት ልጅ፥ «ፈረስ ሁን!» ብሎ ያዝዘዋል። ደብዳቤ ቁጥርም ማኅተምም የሌለበት ትእዛዝ ነው፤ ነገር ግን ሳይውል ሳያድር ይፈጸማል።

ስለ ፈረስ ካነሣን የስፓርታን ንጉሥ አጌሲላዎስን አለመጥቀስ አይቻልም። ስፓርታ ልጆችን በጥብቅ በማሳደግ ስሟ የተጠራ አገር ነበረች። ወንድ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ከእናቱ ቤት ወጥቶ ከእኩዮቹ ጋር በሰፈር ይኖራል፤ ረኀቡንም፥ ብርዱንም፥ ግርፋቱንም ይለምዳል። አጌሲላዎስ አልጋ ወራሽ ስላልነበረ እንደ ማንኛውም ልጅ በዚህ ሥርዓት አልፏል። ከነገሠ በኋላ ግን አንድ ወዳጁ ድንገት ከቤቱ ቢገባ፥ ጦር በመራበት ጉልበቱ የእንጨት ፈረስ እየጋለበ ከልጆቹ ጋር ሲጫወት አገኘው። ያውም አጌሲላዎስ አንድ እግሩ አንካሳ ነበረ። ወዳጁ ምን እንዳለ አልተጻፈም፤ ፊቱ ምን እንደሚመስል ግን መገመት ይቻላል። ንጉሡም አላፈረም፤ ይቅርታም አልጠየቀም። ያለው ይህን ብቻ ነው፤ አንተም ልጅ ወልደህ አባት እስክትሆን ድረስ ይህን ያየኸውን ለማንም አትናገር አለው።

ይህን ታሪክ እጅግ እወደዋለሁ። ንጉሡ ምሥጢሩ እንዳይወጣ አልለመነም፤ ምሥጢሩ የሚገባው ሰው እስኪሆን ታገሥ ማለቱ ነው። ወዳጁ አባት ሲሆን ነገሩ ወሬ መሆኑ ይቀራል፤ በየቤቱ ያለ ነገር ነውና።

ለኛ ዘመን ወደ ቀረበው እንምጣ። ከ1901 እስከ 1909 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት፥ ያ በ1903 ሮበርት ስኪነርን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ መልእክተኛ አድርጎ የላከው፥ አሊስ የምትባል ኃይለኛ ልጅ ነበረችው። እናቷ በወለደቻት በሁለተኛው ቀን ሞታባታለች። አባቷ ከሰው ጋር ስለ መንግሥት ጉዳይ ሲነጋገር እየደጋገመች ከቢሮው ብትገባ፥ እንግዳው ይህችን ልጅ ልትቈጣጠራት አትችልምን ብሎ ጠየቀው። ሩዝቬልትም፥ አገሪቱን ማስተዳደር እችላለሁ፥ ወይም አሊስን መቈጣጠር እችላለሁ፤ ሁለቱን ባንድነት ግን አልችልም ብሎ መለሰ። አሜሪካኖች እስከ ዛሬ ይስቁበታል። የሚያስቃቸው የልጅቱ ባለጌነት አይመስለኝም፤ በጦርነት የተፈተነ ሰው ላቅሙ ወሰን ማበጀቱ ነው።

ከውጭ አገር ብቻ እንዳልጠቅስ፥ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የነገረኝን ላንሣ። ባልደረባዬ ወሩ መጨረሻ ላይ የባለሱቁን የዱቤ ደብተር ይዞ ሂሳብ ይደምራል። የስምንት ዓመት ልጁ በትከሻው ላይ ተንጠራርቶ ያይና፥ «አባባ፥ ሰባትና ስምንት አሥራ አምስት ነው እንጂ አሥራ አራት አይደለም» ይለዋል። አባት ሆዬ ወዲያው፥ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!» ብሎ ይተርታል። ልጁ እንደ ሌላው ጊዜ አንገቱን አልደፋም። ተረቱን ከምር ሰምቶ ጥቂት አሰበበትና፥ «ታዲያ አባባ፥ እናቲቱ ተማረች?» ብሎ ጠየቀ።

ባልደረባዬ እንደ ነገረኝ በመጀመሪያ ሊቈጣ አስቦ ነበር። ነገር ግን ጥያቄው ከሆዱ ገብቶ ሳቅ አመለጠው፤ እናትየዋም ከማድ ቤት ሳቀች። ከዚያ በኋላ እርሳሱን አንሥቶ አሥራ አራቱን አሥራ አምስት አደረገው። ሂሳቡም ከባለሱቁ ጋር ገጠመ። እኔ ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ያን የቈየ ተረት በሰማሁ ቍጥር እናቲቱ ተምራ እንደ ሆነ ለማወቅ እመኛለሁ፤ ከኛ መካከል እስከ ዛሬ የጠየቀ ሰው አልነበረምና።

እዚህ ላይ አንዳንድ አድማጮች ሊቃወሙኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። «ከልጅ ጋር አትጫወት፥ ይወጋሃል በእንጨት» የሚል የአበው ቃል አለ ይሉኛል። አዎን፥ አለ። የስፓርታው ንጉሥ ግን እንጨቱን ራሱን ጋለበው። ከዚህም የከበደ ክርክር የሚመጣው በእንቁላሉ ታሪክ በኩል ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ በሕፃንነቱ እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ አመጣላት፤ እርስዋም ደስ ብሏት ተቀበለችው። አድጎ በከባድ ሌብነት ተይዞ ሊሰቀል ሲወሰድ፥ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ ኖሮ!» አላት። ብዙ አባት አርጩሜ ከማንሣቱ በፊት የሚተርተው ይህን ነው።

የሚያስደንቀው ነገር ይህ ታሪክ በኤዞፕ ስም ከሚነገሩት የግሪክ ተረቶችም መካከል መገኘቱ ነው። በዚያኛው ልጁ መጀመሪያ የሰረቀው የትምህርት ቤት ጓደኛውን የጽሕፈት ሰሌዳ ነው። በመጨረሻ ሊገደል ሲወሰድ ምሥጢር ሊነግራት መስሎ ወደ እናቱ ይጠጋና ጆሮዋን ነክሶ ይቈርጣል። ሁለቱን አገሮች የሚለያያቸው ባሕር ነው፤ የእናትና የልጅ ነገር ግን አንድ ነው።

እንግዲህ ታሪኩን ደግመን እንመልከተው። በተረቱ ውስጥ የሚወቀሰው ማን ነው? ልጁ አይደለም፤ ልጁማ እንቁላሉን በግልጽ ይዞ መጥቷል፥ አልደበቀም። የምትወቀሰው እንቁላሉን ተቀብላ የጠበሰችው እናት ናት። «ልጄ፥ ይህን ከየት አመጣኸው?» ብላ ብትጠይቀውና ይዛው ሄዳ ለባለቤቱ ብታስመልሰው፥ ከዚያ የበለጠ ቅጣት ምን ይኖር ነበር? ሳይቃጠል በቅጠል ማለትስ ይህ አይደለምን? ይህ ተረት ለወላጅ የተተረተ ሆኖ ሳለ፥ እኛ ፊቱን አዙረን ወደ ልጁ እናነጣጥረዋለን። ልጅ ቅጣት አያስፈልገውም የሚል አሳብ የለኝም፤ ሳይጠየቅ መቀጣቱ ነው የሚያሳስበኝ።

ስለ በትር የተነገረው የጠቢቡ የሰሎሞን ቃል ደግሞ በየቤቱ የታወቀ ስለ ሆነ አልጠቅሰውም። ነገር ግን ቃሉን የሚጠቅስ አባት የሰሎሞንን ልጅ የሮብዓምን ታሪክ ጨምሮ ቢያነብ መልካም ነው። ሰሎሞን ልጁን በበትር አሳድጎት እንደ ሆነ መጽሐፉ አይነግረንም። የሚነግረን ይህን ነው፤ ሮብዓም በነገሠ ጊዜ ሕዝቡ ቀንበሩን አቅልልልን ብሎ ቢለምነው፥ ሽማግሎቹ ለስለስ ብለህ መልስ ብለው መከሩት፤ እርሱ ግን አብረውት ያደጉትን ወጣቶች ሰምቶ፥ አባቴ በአለንጋ ቢገርፋችሁ እኔ በጊንጥ እገርፋችኋለሁ የሚል መልስ ሰጠ። በዚያው ዐሥሩ ነገድ ከዱት። በምሳሌዎቹ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ጠቢብ ልጅ ለሕዝብ ጥያቄ የነበረው መልስ ግርፋት ብቻ ሆነ።

አሁን ደግሞ አባቶች ከሁሉ አብልጠው ወደሚወዱት ጥቅስ እንለፍ። በየጽሑፉ፥ ዛሬም በየእጅ ስልኩ የሚዞር ነው፤ የሶቅራጥስ ቃል ነው ይባላል። የዛሬ ልጆች ምቾት ወዳጆች ናቸው፥ ታላላቆችን አያከብሩም፥ ለወላጆቻቸው ይመልሳሉ እያለ የሚወቅስ ነው። አንባቢው ሁሉ፥ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊትም እንዲህ ነበሩ እንዴ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ሶቅራጥስ ግን ይህን አልተናገረም። ኬነዝ ጆን ፍሪማን የሚባል የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ጥንታዊ ግሪክ ትምህርት ቤቶች በጻፈውና በ1907 በታተመው ድርሰቱ፥ የጥንት ሰዎች በወጣቶች ላይ ያሰሙትን ወቀሳ በራሱ አነጋገር አሳጥሮ አቅርቦት ነበር። በኋላ ሰዎች የፍሪማንን ስም አውጥተው የሶቅራጥስን ስም አገቡበት። ቃሉ ከተማሪነት ወደ ፈላስፋነት ያለ ፈተና ተሾመ ማለት ነው።

የእውነተኛው ሶቅራጥስ ነገር ከዚህ በብዙ ይሻላል። ሶቅራጥስ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ደቀ መዝሙሩ ክሴኖፎን እንደ ጻፈው፥ የበኵር ልጁ ላምፕሮክሌስ አንድ ቀን በእናቱ ተቈጥቶ መጣ። የእናቱ የክሳንቲፔ ምላስ በአቴና የታወቀ ነው። ላምፕሮክሌስ የእርስዋን ጠባይ ማንም ሊሸከመው አይችልም አለ። ሶቅራጥስ ምሳሌ አልጠቀሰበትም፤ አባትና እናትህን አክብር የሚል ስብከትም አልጀመረም። ከአውሬ ክፋትና ከእናት ክፋት የትኛው ለመሸከም ይከብዳል ብሎ ጠየቀው። ልጁ ሳያመነታ፥ እንደ እርስዋ ያለች እናት ከሆነች የእናት ይከብዳል አለ። ታዲያ ነክሳህ ታውቃለች? ረግጣህስ ታውቃለች? አውሬ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋልና ብሎ አባቱ ደግሞ ጠየቀው።

አድማጮቼ ይህን ትዕይንት በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። የተቈጣ ወጣት ስለ ገዛ እናቱ፥ «ነክሳህ ታውቃለች?» ተብሎ ሲጠየቅ ከንፈሩ ሳይፈታ አይቀርም። ልጁ አልነከሰችኝም፥ ነገር ግን ሰው ሊሰማው የማይወደውን ትናገራለች አለ። በዚህ ጊዜ ሶቅራጥስ ወደ ቁም ነገሩ ገባ። አንተስ ከሕፃንነትህ ጀምሮ በቀንም በሌሊትም በጩኸትህና በሥራህ ምን ያህል አስቸግረሃታል? በታመምህ ጊዜስ ምን ያህል አሳዝነሃታል? እያለ በጥያቄ ላይ ጥያቄ አስከተለ። በመጨረሻ ልጁ የሚያገኘው መልስ የራሱ ስለ ሆነ ሊክደው አይችልም። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፥ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ እንዲሉ፥ ጥሬውን ከብስሉ የሚለየው ልጁን አፉን በማስከፈት ነው። እንዲህ ያለው አባት በየቤታችን ቢገኝ ለማታው ብርጭቆ ምስክሩም ዳኛውም ልጁ ራሱ በሆነ ነበር።

ነገር ግን ቃሉ ያማረ ሁሉ ቤቱ ያማረ አይደለም። ዣን ዣክ ሩሶ በ1762 ባሳተመው «ኤሚል» በተባለው መጽሐፉ ልጆችን ስለ ማሳደግ አውሮጳን አስተማረ። ሕፃናት በመጠቅለያ ተጠፍረው እንዳይታሰሩ፥ እናቶችም ልጆቻቸውን ራሳቸው እንዲያጠቡ መከረ። ምክሩ ዛሬም ትክክል ነው። ዳሩ ግን ከቴሬዝ ለቫሰር የወለዳቸውን አምስት ልጆች ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ሰጥቷቸው ነበር። በ1764 ቮልቴር ስሙን ደብቆ ባወጣው ጽሑፍ አጋለጠው፤ ሩሶም ራሱ በኋላ አመነ። በዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም።

የሎርድ ቼስተርፊልድ ታሪክ ግን ያስቃልም ያሳዝናልም። ይህ እንግሊዛዊ መስፍን ለልጁ ለፊልጵስ ስታንሆፕ ከ400 በላይ ደብዳቤዎች ጽፎለታል። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ የጀመረ፥ 36 ዓመት ሆኖት እስከ ሞተበት እስከ 1768 ድረስ አላቋረጠም። እንዴት እንደሚገባ፥ እንዴት እንደሚወጣ፥ ከሹም ጋር እንዴት እንደሚነጋገር፥ አሳቡን በሆዱ ይዞ ፊቱን እንዴት እንደሚያፈካ አስተማረው። ከሁሉ ይልቅ ድምፅ አውጥቶ መሳቅን ይነቅፍ ነበር፤ ጨዋ ሰው ፈገግ ይላል እንጂ ሲስቅ አይሰማም ይለዋል። ልጁ ግን ዓይን አፋር ሆኖ ቀረ፤ አባቱ የተመኘለትን ታላቅ ስም አላገኘም።

ከሞተ በኋላ አባትየው አንድ ያላወቀውን ነገር ሰማ። ልጁ ዩጂኒያ የምትባል ሴት በምሥጢር አግብቶ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዶ ኖሯል። አሳብን በሆድ ስለ መያዝ ከተጻፉት ደብዳቤዎች ሁሉ ልጁ አጣርቶ የተማረው ይህን ብቻ መሆኑ ነው፤ ያውም በአባቱ ላይ ሠራበት። ሽማግሌው ለልጅ ልጆቹ ማስተማሪያ መክፈሉ ይነገርለታል። እርሱ በ1773 ከሞተ በኋላም ደብዳቤዎቹን በ1774 አሳትማ ለዓለም ያወጣቻቸው ያችው ያላወቃት ምራቱ ናት። እሳት አመድ ወለደ ብለው በልጁ የፈረዱ ብዙ ናቸው። እኔ በበኩሌ አልፈርድበትም። ሚስት አገባሁ ብሎ ለአባቱ መንገር ያቃተውን ሰው ሳስብ፥ አንዲት ደብዳቤ እንኳ ጥያቄ ብቻ ብትይዝ ኖሮ እላለሁ።

በኛም አገር ምክርን በጽሑፍ ለልጅ የማውረስ ልማድ አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከጻፏቸው መጻሕፍት አንዱ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ይባላል። ስሙ ብቻ ብዙ ይናገራል፤ ምክር ሁለት ፊት እንዳለው፥ አንዱ ወደ ልጅ አንዱ ወደ አባት እንደሚመለከት አስቀድመው ማወቃቸውን ያሳያል። ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ ደግሞ ራሴላስ የሚባለውን፥ የሐበሻ ልዑል ተብሎ በእንግሊዝኛ የተደረሰውን ታሪክ ወደ አማርኛ መልሰውታል። የራሴላስ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። እርሱም የቼስተርፊልድን ደብዳቤዎች አጥብቆ ከነቀፉት አንዱ ነበረ። ራሴላስን በ1759 ሲያሳትም የደረሰበት ምክንያት የእናቱን የቀብር ወጪ ለመክፈል ነው ይባላል። ንግግሬን የምፈጽመው በዚህ ሰው ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። በማርክ ትዌይን ስም የሚነገር የታወቀ ቀልድ አለ። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ምንም የማያውቅ ሰው ነበረ፤ ሃያ አንድ ሲሞላኝ ግን ባጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ተምሮ አገኘሁት የሚል ነው። አባት ሁሉ ይህን ሲሰማ ይጽናናል። ነገር ግን ማርክ ትዌይን በ1835 ተወልዶ፥ አባቱ የሞቱት በ1847 ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ቀልዱን ማንም ይናገረው፥ ያ ልጅ አባቱ ሲማር የሚያይበት ዕድል አልነበረውም። አባት ሳለህ አጊጥ፥ ጀምበር ሳለህ ሩጥ የሚለው የኛ ተረት የሚመጣው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

የሳሙኤል ጆንሰን አባት ሚካኤል ጆንሰን በሊችፊልድ ከተማ መጽሐፍ ሻጭ ነበረ። ገበያ ሲሆን ኡቶክሰተር ወደምትባል ከተማ ሄዶ ድንኳን ዘርግቶ ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ልጁ አብሮት እንዲሄድ ቢጠይቀው ሳሙኤል እንቢ አለ። ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ወጣት በገበያ መካከል ቆሞ መሸጥን ንቆ ነው። አባትየው በ1731 ሞተ።

ሃምሳ ዓመት ያህል አለፈ። ጆንሰን የእንግሊዝኛን መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ፥ ነገሥታት የሚያነጋግሩት ሊቅ ሆነ። በሞተበት ዓመት በ1784 ለወዳጆቹ ሲናገር፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያደረገውን ነገር ገለጠ። ዝናብ በሚጥልበት ቀን ወደ ኡቶክሰተር ሄደ፤ የአባቱ ድንኳን ይዘረጋበት ከነበረው ሥፍራ ላይ ደረሰ፤ ባርኔጣውን አውልቆ በባዶ ራሱ ለረጅም ጊዜ በዝናብ ውስጥ ቆመ። ታሪኩን ሲናገር ያነሣው የራሱን ትዕቢት ነው እንጂ የአባቱን ቁጣ አይደለም። አባቱ በዚያ ዕለት ምን ብሎ እንደ ተናገረው፥ ተናግሮትም እንደ ሆነ፥ አላነሣም።

በሊችፊልድ ገበያ አደባባይ የጆንሰን ሐውልት አለ፤ በ1838 የቆመ ነው። ከእግሩ በታች በድንጋዩ ላይ ከተቀረጹት ሥዕሎች አንዱ ሽማግሌው ራሱን ገልጦ በኡቶክሰተር ገበያ የቆመበት ነው።